ለሞና ሊዛ የተሰጠ ጀርባ

ወዳጄ ከፓሪስ ሲመለስ እንኳን ደኅና ገባህ ልንለው ቤቱ ሄድን። ቡናው እስኪፈላ ስልኩን አወጣ። አራት መቶ ፎቶ ነው። አንገቴን አስግጌ በአራት መቶውም ውስጥ ፓሪስን ፈለግኋት፤ ትከሻው ጋርዶኝ ነው እንጂ ሳትኖር አትቀርም። «ይቺ ሞና ሊዛ ናት» አለኝ። ከጆሮው በላይ ቡናማ ነገር ጭል ትላለች።

አደራ፣ በሰውዬው እንዳትስቁ። ለቪዛ የባንክ ሒሳቡን እንቅስቃሴ ያስወጣ፣ የጋብቻ ወረቀት ያስተረጎመ፣ ዐሥር ጣቱን አሻራ የሰጠ ሰው ነው። ያን ሁሉ ተንገላቶ ሲያበቃ ቆመህ ሥዕል እይ ማለት ግፍ ነው። ማየት የሥራ ፈት ነገር ነው፤ የሠለጠነ መንገደኛ ይታያል እንጂ አያይም።

ደግሞም ብቻውን አይደለም። የዓለም ሕዝብ ሉቭር ሙዚየም ገብቶ ይሰለፍና ተራው ሲደርስ ጀርባውን ያዞርላታል። ያች 77 በ53 ሳንቲ ሜትር የሆነች ምስኪን፣ ሊዮናርዶ ከሣላት አምስት መቶ ዓመት አልፏት፣ ዛሬ ከመስተዋት ኋላ ሆና የምታየው ማጅራት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ተሰርቃ ሳለ ሰዉ ተሰቅላበት የነበረውን ባዶ ግድግዳ ለማየት ይጎርፍ ነበር። ኋላ ቀሮች! ግድግዳውን እኮ ዐይተውታል።

ከሷ ትይዩ ቬሮኔዜ የሣለው የቃና ዘገሊላ ሠርግ ተሰቅሏል፤ ቁመቱ ወደ 7፣ ወርዱ ወደ 10 ሜትር። የናፖሊዮን ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1797 ከቬኒስ ገዳም ነቅለው የወሰዱት ነው። ወዳጄ ደግሞ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሚካኤልን ሳያጅብ የቀረበት ዓመት የለም። «ቃናን እንዴት አገኘሃት?» አልኩት። «የቷን?» አለኝ። ልብ በሉ፣ ለሞና ሊዛ ጀርባውን ሲሰጥ ፊቱ ወደ ቃና ነበር። ዐሥር ሜትር ሠርግ፣ ሙሽሮቹ፣ ጋኖቹ፣ ውሾቹ ሳይቀሩ እፊቱ ተዘርግተው እሱ ስልኩ ላይ ጸጉሩን ያስተካክላል።

ቀጥሎ ኤፍል ታወር። የ330 ሜትሩን ብረት ጫፍ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይዟል። እዚያው አጠገብ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ላይ፣ ኬ ብራንሊ የሚባለው ሙዚየም ነው። የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያሉት እሱ ዘንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው አጥኚ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ከግድግዳው ልጦ፣ በምትካቸው አዲስ ቅጂ ለጥፎ ወሰዳቸው። እነዚያማ የጉብኝት ወግ ያልገባቸው ነበሩ፤ ጎንደር ድረስ መጥቶ ግድግዳ ማየት! ወዳጄ ግን ታወሩን እንደያዘ ስለነበር እጁ አልተመቸውም።

እናቱ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ «ለመሆኑ ልጄ፣ የአገሩ ሰው እንዴት ነው?» አሉት።

«ሰዉማ ፎቶዬ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ እኮ፣ እማዬ። ግን ማጥፊያ አለው» ብሎ አሳያቸው። በጣቱ ነካ ሲያደርጋት አንዲት አሮጊት ከነውሻዋ ከአንድ ድልድይ ላይ ጠፋች።