ዋጋው በውስጥ መስመር

የጫማ መደርደሪያ ሰው የሚያስጨንቅ ዕቃ አይደለም። የዚህ ወግ ጸሐፊ ግን ከሰሞኑ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶታል። በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ባለ አምስት እርከን መደርደሪያ አይቶ ወደደ። ፎቶዋ ከሦስት አቅጣጫ ተነሥቷል። ጥንካሬዋ፣ ቀለሟ፣ ለሳሎን የምትጨምረው ግርማ፣ የቀሩት ፍሬዎች ጥቂት መሆናቸው፣ አንድም ሳይቀር ተዘርዝሯል። ሁለት ስልክ ቁጥር አለ፤ የቲክቶክና የፌስቡክ ገጽም አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሥር የተሰለፈው ሕዝብም የሚጠይቀው እሱኑ ነው። «ስንት ነው?» «ዋጋ?» «ስንት ብር?» «ዋጋውን ብትጽፉት ምናለበት?» ለሁሉም የተሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ወደ ውስጥ መስመር የዘለቀውን ሰው የሚጠብቀው ደግሞ ይህ ነው። «ሰላም፣ የመደርደሪያዋ ዋጋ ስንት ነው?» «ሰላም ውዴ፣ እንዴት ነህ?» «ደኅና። ዋጋዋ?» «ስንት ፍሬ ነበር የፈለግከው?» «አንድ።» «እሺ የኔ ወንድም፣ ሰፈር የት ነው?»

አዲስ አበባ ውስጥ ከዋጋ በፊት ሰፈር ሲጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቦሌ አትላስ ያለና ጀሞ ሦስት ያለ ሰው የሚገዟት መደርደሪያ የእርከኗ ቁጥር እኩል ነው፤ ሌላው ነገር እኩል ላይሆን ይችላል። ጸሐፊው ብልጥ የሆነ መስሎት «ራሴ መጥቼ ነው የምወስደው» ብሎ መለሰ። መልእክቱ ታይቷል። መልስ ግን የለም።

ነገሩ የአንድ ሻጭ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ይታለፍ ነበር። ግን ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ትምህርት ነው። የዲጂታል ማርኬቲንግ ሥልጠና የወሰደ ጎረምሳ ሁሉ ምሥጢሩን ሳይሰስት ያካፍላል፦ ዋጋ ካልተጻፈ ሰው ይጠይቃል፤ ሰው ሲጠይቅ ኮሜንት ይበዛል፤ ኮሜንት ሲበዛ አልጎሪዝሙ ገጹን ከፍ ከፍ ያደርገዋል። አልጎሪዝም ዛሬ ነጋዴው ዘንድ እንደ ሰፈር አድባር ነው፤ መልኩን ያየ የለም፣ የሚወደውንና የሚያስቆጣውን ግን ሁሉም ያውቃል። ማለዳ ሲለጠፍለት ደስ ይለዋል። ሃሽታግ በገፍ ካልቀረበለት አይለመንም።

በእርግጥ ወሬው ከመሬት አልተነሣም። ፌስቡክ በጃንዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. ሰዎችን የሚያወያዩ ጽሑፎችን እንደሚያስቀድም አስታውቋል። ነጋዴው ይህን ሰማ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2017፣ ይኸው ፌስቡክ «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ ጓደኛችሁን ታግ አድርጉ» እያሉ ምላሽ የሚለምኑ ጽሑፎችን ወደ ታች እንደሚገፋ ተናግሮ ነበር። ይህኛውን የሰማ ያለ አይመስልም፤ «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» የሚል የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ዛሬም ይታያል። ደግሞስ ሰው ሁሉ «ስንት ነው?» ብሎ መልስ አጥቶ የሚበተንበት ነገር ውይይት ይባላል?

ተከታይ የሚገዛም አለ። ብሩ ይከፈላል፤ በማግስቱ ገጹ በአሥር ሺህ ሰው ይሞላል። ኢንስታግራም በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐሰተኛ አካውንቶችን ጠራርጎ ሲያስወጣ ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር 3.5 ሚሊዮን ገደማ ተከታይ በአንድ ጊዜ አጥቷል። ለእሱ ከብዙ ላይ የተቀነሰ ጥቂት ነው። የመርካቶው የጫማ ነጋዴ የገዛቸው አሥር ሺህ ግን ባይባረሩም ችግር አለባቸው፤ እግር የላቸውም።

ጉግልን በቃላት ብዛት አሸንፈዋለሁ የሚለውስ? ገጹ ግርጌ ላይ «ጫማ፣ የወንድ ጫማ፣ የሴት ጫማ፣ ርካሽ ጫማ፣ ጫማ በአዲስ አበባ» እያለ እንደ ውዳሴ የሚደጋግም ድረ ገጽ አንባቢው አጋጥሞት ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ድሃ ነጋዴ ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ድረ ገጹን በእንዲህ ያለ ዘዴ ሞልቶ፣ «ያገለገለ መኪና» የሚለውን ለመፈለጊያው ደጋግሞ እያሳየ ጎብኚውን ወደ ሌላ ገጽ ሲመራ ተገኘና በፌብሩዋሪ 2006 እ.ኤ.አ. ጉግል ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። ገጹን አስተካክሎ ነው የተመለሰው። በድረ ገጹ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት መዝገብ ደግሞ ጉግል ለደረጃ ጨርሶ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ አስታውቋል። እዚህ ግን ያንን መዝገብ ለመሙላት ዛሬም ገንዘብ የሚያስከፍል ባለሙያ አይጠፋም። ከዚህ የባሰው እምነት ለጉግል ማስታወቂያ የከፈለ ሰው በነፃው ዝርዝርም ወደ ላይ ይወጣል የሚለው ነው። ጉግል ሁለቱ አይገናኙም ብሎ ደጋግሞ ጽፏል። «እሱማ እንዲህ ነው የሚለው» ይላል ነጋዴው፣ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ።

የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ተንኮል የተማረው ሰው በራሱ ፊደል መጠለፉን አያይም። ይህ ነገር ትንሽ ይዘርዘር። ባለቤቷ ሃይማኖት የምትባል የፀጉር ሳሎን አለች እንበል። በአማርኛ የሚፈልጋት ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? የስሟን መነሻ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጀምረው ይችላል፤ ስድስት። ፀጉር ሲል በፀሐዩ ፀ፣ በጸሎቱ ጸ ወይም እንደ አባቶቻችን ጠጉር ብሎ ነው፤ ሦስት። ሳሎን በእሳቱ ሳ ወይም በንጉሡ ሣ፤ ሁለት። ሲባዛ ሠላሳ ስድስት ሳሎን ሆነ፤ ሃይማኖት ግን አንዲት ናት፣ ካስክዋም ሁለት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሞክሼዎቹ ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መሰጠቱም ተገቢ ነው፣ አለበለዚያ ግዕዙ በምን ይጻፍ? ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ መፈለጊያ ያስታርቃቸዋል፤ አንዳንዱ አያስታርቅም። የቤተ ክህነት ተማሪ በትክክል ጽፎ ሳሎኗን ሊያጣት፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ተሳስቶ ሊያገኛት ይችላል። ፊደሉን ትቶ በላቲን የሚጽፈው ደግሞ ሌላ ሠላሳ ስድስት ይጨምራል። ሊቃውንቱ ሞክሼዎቹ ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ ብለው ትውልድ ሙሉ ሲከራከሩ የሃይማኖት ደንበኞች በምን በኩል እንደሚገቡ ያነሣ አልነበረም። ሊያነሡ ይገባ ነበር ማለት ሳይሆን፣ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቀረ ለማለት ነው።

ግን ሃይማኖት ለዚህም አልታደለችም፤ ምክንያቱም ጽሑፏ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ነው። የሳሎኑ ስም፣ የሹሩባው ዓይነት፣ ስልኩ፣ አድራሻው በሚያብረቀርቅ ፖስተር ላይ ተሥሏል። ጉግል ለድረ ገጽ ሠሪዎች በሚሰጠው መመሪያ ዋና ጽሑፍ በሥዕል ውስጥ እንዳይቀበር ይመክራል። ማሽኑስ ይቅር። ሰው ሥዕል ላይ ያለ ቁጥር ተጭኖ መደወል ስለማይመቸው «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ፣ ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» እያለ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየቃዠ ወደ መደወያው ይሮጣል፤ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጠፍተውታል።

እዚህ ላይ ሣቁ ይቁም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያዛል። ልመና አይደለም፤ ግዴታ ነው። ይኸው ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በማርከር የተጻፈች ወረቀት አንጠልጥሎ ይጠብቃል። ስክሪን ላይ ሲወጣ ግን ዋጋው ምሥጢር ይሆናል፤ የሚገለጠውም እንደ ጠያቂው ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ልጅ ለእናቷ ፍሪጅ ልትገዛ ስትጠይቅ፣ ቁጥሯ በ+1 ስለሚጀምር ብቻ ዋጋው ይወጣል። እናትየው ራሳቸው በጎረቤት ስልክ ሲጠይቁ ይወርዳል። ይህ ግብይት አይደለም፤ የሰውን ናፍቆት በኪሎ መመዘን ነው። በሌሊት ፈረቃ ከሚገኝ ደሞዝ ላይ የሚቆረጥ ገንዘብ ነው። ይህን «ስትራቴጂ» ብሎ ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ራሱ ዳቦ ቤት ገብቶ «ዋጋውን ጎንበስ በልና በጆሮህ ልንገርህ» ቢባል ምን እንደሚል ማየት ነበር።

ነጋዴውንም መስማት ደግ ነው፤ የሚለው አያጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰኞ የለጠፈውን ዋጋ ሐሙስ ሲያየው ያፍርበታል፤ በዚያ ዋጋ ሸጦ መልሶ ዕቃውን አያስገባም። ቢጽፈው ጎረቤቱ አይቶ አምሳ ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ቢያጠፋው «ትናንት እንዲህ ብለህ አልነበር?» የሚል ሰው ስክሪንሾት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታው የቅድሙን ፍሪጅ ነገር ባያስተሰርይለትም፣ ፍርሃት እንጂ ሁልጊዜ ስስት እንዳልሆነ ጸሐፊው እያንገራገረም ቢሆን ይቀበላል።

ዋጋ ቢጻፍስ ሱቁ የት ተገኝቶ! ገጹ ላይ ያለው አድራሻ «ፒያሳ፣ ከእገሌ ካፌ ፊት ለፊት» ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲፈርስ ካፌውም ፊት ለፊቱም አብረው ሄዱ። የሥራ ሰዓቱ ጉግል ካርታ ላይ ከ2:00 እስከ 12:00 ተብሏል። አበሻ ያነበበው ጠዋት ሲከፍት ማታ ሲዘጋ ያየዋል፤ ቱሪስቱ ደግሞ ሌሊት ተከፍቶ እኩለ ቀን የሚዘጋ የጫማ ቤት አለ ብሎ ሊደነቅ ይችላል።

አድራሻውን ላስተካክል ያለ ነጋዴ የሚገባበትም ሌላ ጣጣ ነው። ጉግል ሱቁ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ በብዙ አገሮች ኮድ የያዘ ፖስት ካርድ ይልክ ነበር። ፖስታ በየሱቁ በር በማይዞርበት፣ በፖስታ ሣጥን ቁጥር በሚኖርበት ከተማ ያ ካርድ ማን እጅ እንደሚገባ እግዜር ይወቀው። አሁን በብዙ ቦታ በቪዲዮ ሆኗል፤ ባለሱቁ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ከዚያም በገዛ ቁልፉ በሩን ሲከፍት ሳያቋርጥ ይቀርጻል። ቀላል ይመስላል። ግን የሕንፃው ጥበቃ አለ።

«ወንድም፣ ምንድነው የምትቀርጸው?»

«የራሴን ሱቅ ነው አባቴ።»

«ለማን?»

«ለጉግል።»

«ጉግል ደብዳቤ ጽፏል?»

ደብዳቤ አልጻፈም። ጥበቃው ደግሞ ያለ ደብዳቤ አያስቀርጹም፤ የሕንፃው አስተዳዳሪ መጥቶ ይፍቀድ ይላሉ። አስተዳዳሪው ምሳ ወጥቷል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ክፍለ ከተማ ስብሰባ አለበት ተብሏል።