ማኒኪኗ ትወፍር

ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ የቆመችን ማኒኪን ከፊት ያያት ሰው ቀሚሱ ልክክ ብሎባት ያገኛታል። ጀርባዋን ዞሮ ያየ ግን ጉዷን ያውቃል፤ የተረፈው ጨርቅ ተሸብሽቦ በስፒል ተይዟል። ደንበኛዋ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ስፒል ተሰክቶላት በድንበር ከተማዋ በሞያሌ፣ ቡቲዬ ሰፈር መሀል ልትሄድ አትችልም። ቀሚሱ እሷ ላይ እንደ ማኒኪኗ አልቀመጥ ሲል፣ "እህቴ፣ ወፈር ብለሻል ልበል?" ተብሎ በገላዋ ይሳበባል። የኔ ክርክር አጭር ነው፦ መወፈር ያለባት ማኒኪኗ ናት። እንደ ደንበኛዋ ሆድ ይውጣላት፣ ዳሌ ይጨመርላት፣ አንዱ ትከሻ ዘመም ካለም ይዝመምላት።

ማኒኪኗ የማን ገላ እንዳላት ቢጠየቅ መልሱ "የማንም" ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ ጋዜጣ ውድድር አወጣ፤ ከብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ልኬት አማካይ ተወስዶ የተቀረጸችውን "ኖርማ" የተባለች ሐውልት የምትመስል ሴት ፍለጋ። 3,864 ሴቶች ልካቸውን ላኩ። በ9ኙም መለኪያ ከሐውልቷ ጋር የገጠመች አንዲትም አልተገኘች፤ በ5ቱ እንኳ የገጠሙት 40 አይሞሉም። ሽልማቱ ግን ተሰጠ፤ ምን ይደረግ፣ ቃል ተገብቷል!

"ታዲያ ሜትር ምን ሠራ?" የሚል አይጠፋም። ሜትር ዙሪያውን ይናገራል እንጂ ሥጋው የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ወገባቸው እኩል 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ሴቶች የአንዷ ወደ ፊት ገፍቶ፣ የሌላዋ ወደ ጎን ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከደንበኛዋ ቀጠን ያለች ማኒኪን ትመረጣለች፤ በላይዋ መጨመር እንጂ ከእሷ መቀነስ አይቻልምና። ጥጡ በስሱ ይደረብላታል፤ መሀሉ ወፍሮ ጠርዙ እየሳሳ ካልሄደ ሆድ ያላት ሳይሆን ትራስ የታሰረባት ትመስላለች። በየድርቡ በሜትር እየተለካ፣ ጡት ከትከሻ ምን ያህል እንደሚወርድም እየታየ ይሞላል (ይህን የሚዘል ብዙ ነው፤ ከሴት ዕድሜ ጋር ማን ይጣላል)። በመጨረሻ በደንበኛዋ ልክ የተሰፋ የአቡጀዲ ልባስ ጥብቅ ተደርጎ ይለበስላታል። ልባሱ ከተሸበሸበ ጥጥ ጎድሏል፤ አልገባ ካለ ተርፏል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከድሪያ ወዳጆች ይመጣል፤ ሰፊ ልብስ ሁሉን ይሸፍናል፣ ልክ ምን ያደርግለታል? እንዲያም ሆኖ የሚንጠለጠለው ከትከሻ ነው። ሆድ የፊቱን ጨርቅ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከፊት ቁርጭምጭሚት ሲታይ ከኋላ ጫፉ የቡቲዬን አቧራ ይጠርጋል። የሐበሻ ቀሚስማ ይብሳል፤ የታችኛው ጥለት ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ መዝመሙን ከሩቅ ያሳብቃል።

ነውር ነው የሚሉም አሉ፤ የሰው ገላ አስመስሎ ማቆም! እኔ ግን ሴትን ለየማስተካከያው እየጠሩ ወንድ ሰፊ ፊት ከማቆም ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። የፓሪስ ታላላቅ ስፌት ቤቶች ለየደንበኞቻቸው ማኒኪን በጥጥ ሲሞሉ የኖሩት በከንቱ አይደለም፤ ደንበኛዋ ባሕር ማዶ ሆና ቀሚሷ ፓሪስ ይለካል። ለሞያሌ ደግሞ ይህ ከማንም በላይ ይበጃል። ደንበኛዋ ያቤሎ ወይም ማርሳቢት ሆና ቡቲዬ ላይ ቆማ ትለካለች፤ ለጥጥ ገላዋ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ለሁሉ ማኒኪን ከየት ይመጣል ለሚለውም፣ አንዷ ትበቃለች፤ ጥጡና ልባሱ ተፈትቶ በየደንበኛዋ ከረጢት ይቀመጣል። ከረጢቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍበት። ቡቲዬ ላይ እርግጥ ቁጥሩም የማን እንደሆነ ከመግሪብ በፊት ይታወቃል።