የአንድ ክንድ ርቀት

ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የሚቆም ሰው ማጅራቴ ላይ ካልተነፈሰ ተራው የሚያልፈው ለምን እንደሚመስለው የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ። በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ የጀሞን ሰልፍ የያዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ታክሲ የለም፤ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ተጠግቶ የሚደረስበት ነገርም የለም። እንዲያም ሆኖ ከኋላ ያለው ጎረምሳ ቦርሳውን ወገቤ ላይ አስደግፎ፣ ስልኩን በትከሻዬ አሻግሮ ቲክቶኩን ያያል። ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ስል ፈቀቅ ይላል። ከፊቴ ካሉት ሴትዮ ትንሽ ራቅ ብዬ ስቆም ደግሞ ተራ አስከባሪው ከዳር ሆኖ ያንባርቅብኛል፤ «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ እንጂ! ሰው ይገባል እኮ!»

እውነቱን ነው፤ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ በሰልፍ መሐል አንድ ክንድ ክፍተት የተወ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ኑ ግቡ» እንዳለ ነው የሚቆጠረው። እኔ ግን ርቀት መጠበቅን በመንግሥት ወጪ የተማርኩ ሰው ነኝ።

በ1983 ዓ.ም. ትምህርት ተቋርጦ ብላቴ ጦር ማሠልጠኛ የወረድን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ የተማርነው መተኮስ አይደለም፤ መቆም ነው። እስከዚያ ቀን መቆም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ብላቴ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ አናት ይበሳል፤ አናታችን ደግሞ ተላጭቷል። (የተላጨን ለት የዶርም ጓደኛዬን በጆሮው ነው የለየሁት። ያን የሚያህል ጆሮ እንዳለው ፀጉሩ ደብቆን ኖሯል።) በፊሽካ ወጥተን ስንሰለፍ ሃምሳ አለቃው «ተጠንቀቅ!» ይላል። ቀጥሎ ክንድ ይዘረጋል፤ የጣት ጫፍ ከፊት ያለውን ሰው ትከሻ ነካ ያደርግና ይወርዳል። በቃ፣ ርቀቱ ያ ነው። ጠጋ ያለ «ምን፣ ልታዝለው ነው?» ይባላል፤ የራቀ ደግሞ «ተጣላችሁ እንዴ?» ይባላል።

አንድ የስታቲስቲክስ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ የሰው ክንድ ርዝመቱ ስለሚለያይ አማካዩ ቢወሰድ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ሃምሳ አለቃው በጥሞና ሰማው። ሲጨርስ ወዲያ ማዶ የቆመች ግራር አሳየውና በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ሰላም ብሏት እንዲመለስ አዘዘው። ሄደ፤ ተመለሰ።

«ምን አለችህ?»

«ደህና ነኝ ብላለች፣ አለቃ!»

«ስለ አማካዩስ?»

«አልተነጋገርንም፣ አለቃ!»

ይህ እንግዲህ ከአጥንት የሚወጣ ትምህርት አይደለም። እስከ ዛሬ ባንክ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የትም ልቁም፣ ቀኝ ክንዴ ሳላዘው ሊዘረጋ ይቃጣዋል። ሰልፍ በተበላሸ ቁጥርም ጥፋቱ የማን ነው እያልኩ ታሪክ አገላብጣለሁ። አድዋ የዘመተው ሠራዊት በክንድ እየለካ አልቆመም። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፤ ቦታው ከሹመቱ ጋር የተሰጠ ስለሆነ ተራ አስከባሪ አላስፈለገም። የፈረንጁ አቋቋም በብዛት የመጣው በኋላ ነው። ቤልጅጎች መጡና ክቡር ዘበኛን አሠለጠኑ። በ1927 ዓ.ም. ስዊድኖች በካፒቴን ቪኪንግ ታም እየተመሩ ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዕጩ መኮንኖቹ ኮርሱን በወጉ ሳይጨርሱ ጣሊያን ገባ፤ ብዙዎቹም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ጫካ ገቡ፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ በክንድ ርቀት መሰለፍ አያዋጣም። ከነፃነት በኋላ እንግሊዞች እንደገና «ግራ ቀኝ» አሉን። ሐረር አካዳሚ ላይ ሕንዶች ተረከቡ። አሜሪካኖች ከነካኪያቸው መጡ። ቀጥሎ ሶቪየቶችና ኩባዎች። ይህን ሁሉ አገር አድክመን፣ በዚህ ሁሉ ቋንቋ ተገሥጸን፣ አንድ የጀሞ ሰልፍ ቀጥ ማድረግ አቃተን። ካሰብኩት አይቀር፣ ያላሠለጠነችን ሜክሲኮ ናት። እሷ የፋሺስት ወረራውን ዕውቅና ነፍጋ ከጎናችን በመቆሟ በስሟ አደባባይ ሰየምንላት፤ ሰልፉ የሚበላሸው ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ነው። አምባሳደሯ በዚያ በኩል ባያልፉ እመርጣለሁ።

ያለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ይህንኑ ሳማርር አንድ የተከበሩ አባል ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መድኃኒቱማ ቀላል ነው» አሉ። «ይሄ ትውልድ አንድ ሁለት ዓመት ወታደር ቤት ቢገባ ቀጥ ይል ነበር።»

ድንኳኑ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ይህችን አባባል የማያውቃት የለም፤ ለቅሶ ቤት፣ ካፌ፣ ጠበል ጸዲቅ፣ ሁሉም ቦታ ትዞራለች። የምትወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ወታደር ቤት ካልገባ ሰው አፍ ነው።

እኚህ ሰው የ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ጎረምሳ ነበሩ። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ይመለከታል፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። አፈሳው ሲጀመር የአክስታቸውን ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ተከናንበው ምጣድ ሥር እንደተቀመጡ፣ የቀበሌ ጠባቂዎች በገቡ ሰዓት ያሰፉት እንጀራ ዓይን አላወጣ ብሎ ሊያስይዛቸው እንደነበር ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት፤ እኛም በየለቅሶው እንስቃለን። በመደበቃቸው አልፈርድም፤ እኔም ምጣድ ባገኝ እጋግር ነበር። ግን «ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅስ?» አልኳቸው። «የኔ ልጅማ አስም አለበት» አሉ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የራሱን ልጅ አስም የሚያውቅ ሰው የሰውን ልጅ ሳንባ እንዴት አይጠረጥርም? ያ ሁለት ዓመት ለስንቱ ሳያልቅ ቀረ! ቀጥ ይላል ነው የሚሉት? አዎ፣ ቀጥ ብለዋል፤ ናቅፋ ላይ፣ አፋቤት ላይ፣ ምጽዋ ላይ ቀጥ ብለው የቀሩት የማን ልጆች ናቸው? ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ የእድሩ ጸሐፊ መጻፍ አቆመ። እኔ ግን አላቆምኩም። ሥነ ሥርዓት ከሆነ የምታወሩት እሺ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ብላቴ ላይ የጥፋት ሁሉ ቁንጮ ያለ ፈቃድ ከሰልፍ መውጣት ነበር። ለሽንት እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል። ግንቦት 13 ቀን ጠቅላይ አዛዣችን ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ የተባለው ብላቴ ያሉትን ሠልጣኞች ሊጎበኙ ነው። አውሮፕላኑ ያረፈው ናይሮቢ ነው፤ ከዚያ ሐራሬ። ጠቅላይ አዛዡ ያለ ፈቃድ ከሰልፍ ወጡ፤ በደረትዎ ተስበው ግራሯን ሰላም ይበሉ ያላቸው የለም። ከእኛም ብዙው ተከተላቸው፤ ያው ወደ ኬንያ፣ በሞያሌ በኩል፣ በእግሩ። የትኛው ትውልድ ነው ቀጥ ማለት የሚያስፈልገው?

ዝም ተባለ። ሰውየው መሬት መሬት ሲያዩ ደግሞ አሳዘኑኝ። የልጁ አስም እውነት ነው፤ አንድ ሌሊት ታክሲ ይዤ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔው ነኝ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ «ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አለ። አጀንዳው የድንኳን ሸራ መቀየር ነበር። ዳቦና ሻይ ዞረ። ዳቦው የትናንት ይሁን የትናንት ወዲያ እንጃ፣ አንዱ ነክሶት «ይሄማ ኮቾሮ ነው» አለ።

ኮቾሮ ሲባል ማን ዝም ይላል? ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን አቀና። እኔ በሻይ ተነክሮ ነው የሚበላው አልኩ። በክቡር ዘበኛ ያገለገሉ አንድ አዛውንት ሻይ የሚነካው ሰነፍ ነው፣ ኮቾሮ በጥርስ ነው አሉ፤ አሁን ግን ጥርስ የላቸውም፤ በምን ምክንያት እንደረገፈ አልጠየቅንም። አባታቸው ወታደር የነበሩ አንዲት እናት ደግሞ ኮቾሮውን ለፈቃድ ሲመጡ እያመጡላቸው በወተት አርሰው በልተው እንዳደጉ ነገሩን፤ በወተት መባሉ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ጋሼም ቀስ ብለው አንገታቸውን ቀና አድርገው «በሙቅ ውሃ ነው፤ እኔ መርካቶ ገዝቼ ቀምሼዋለሁ» አሉ።

«በውሃማ ሙጫ ይሆናል!» አልኳቸው።

«ኧረ በሞቴ! ስኳር ጣል ካደረግህበት ገንፎ ነው።»

በስኳሩ ጉዳይ ግማሹ እሳቸው ጋር ወገነ። የሸራው ነገር ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል። እስከዚያ ምናለሽ ተራ ብቅ ብዬ ልጠይቅ አስቤያለሁ፤ ኮዳውም፣ ቀበቶውም፣ ከስክሱም እዚያ አይጠፋም፤ ኮቾሮ ግን የሚሸጥ ሰው ካለ፣ የስንት ዓመት እንደሆነ አለመጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።