ውኃ የሚያነሳ ጉዳይ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰልፍ የሚገኝ ነገር ቢኖር የመኪና ምክር ነው። ነዳጅ ሰልፍ አለው፣ ታክሲ ሰልፍ አለው፤ ምክር ግን ኮፈን ከፍታችሁ ስትቆሙ በእግሩ ይመጣል። ሊስትሮው ያውቃል፣ ሎተሪ አዟሪው ያውቃል፣ መንጃ ፈቃድ አይቶ የማያውቀው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ያገኘሁት በአንዲት ቢጫ መብራት ምክንያት ነው። መኪናዬ ከብዙ እጅ አልፋ እኔ ጋ የደረሰች ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ናፍጣ ነው የምትጠጣው። ክረምቱ በገባ ሰሞን ዳሽቦርዷ ላይ ከሥሩ ጠብታ የሚንጠባጠብ ፊልትሮ የተሳለባት መብራት በራች። «ናፍጣህ ውስጥ ውኃ አለ» ማለቷ ነው። የዘይት መብራት ስትበራ ሰው ማርያምን ጠርቶ ዳር ይይዛል። ይቺ ግን ጨዋ ናት፤ አትጮህም፣ ሞተር አታጠፋም፣ በርታ ትቀመጣለች። የጎዳትም ጨዋነቷ ነው፤ በትሕትና የተናገረን ማን ይሰማል?

ሥዕሏን ያልተረጎመ ተሳፋሪ የለም። ባለቤቴ «ውኃ አልቆባት ነው፣ ጨምርላት» አለች። ዘበኛችን «ጋሼ፣ መታጠብ አምሯት ነው፤ ከታጠበች እኮ ቆየች» አለኝ። አክስቴ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆነው ሲያዩ ቆይተው «ጠበል ይረጭባት» ሲሉ አዘዙ።

«እትዬ፣ ያመማት እሱ ነው።»

«ማን?»

«ውኃ።»

ባለሙያ ይሻላል ብዬ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈን መክፈት አላስፈለገውም። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አየና «ጋሼ፣ ይሄ የሁሉም ሃይሉክስ ጠባይ ነው፤ ሶኬቷን ነቅለን እንገላገላት» አለኝ። ሌላው ጥቁር ፕላስተር ይለጠፍባት አለ። ሦስተኛው የሁለቱን ሥራ እንደ ግማሽ ሥራ ቆጥሮ አምፖሏን ከነጭራሹ ሊያወጣት ካቻቢቴ አንሥቶ መጣ። መድኃኒቱ ሁሉ ለመብራቷ ነው፤ ስለ ውኃው አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄኔ ነው።

ነገሩ እኮ ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዕቃ ውስጥ ሲገናኙ ውኃው ከሥር ይተኛል። ፊልትሮው ሥር ይህን ውኃ የምታጠራቅም ትንሽ ጽዋ አለች። በጽዋዋ ውስጥ ማግኔት ያላት ተንሳፋፊ ተቀምጣለች፤ ናፍጣ ውስጥ ትሰጥማለች፣ ውኃ ላይ ትንሳፈፋለች። ውኃው ከፍ ሲል እሷም ከፍ ትልና ማግኔቷ የመብራቷን መስመር ያገናኛል። ኮምፒውተር የለ፣ ሶፍትዌር የለ፤ የፊዚክስ መምህራችን ጠመኔ እየጨረሰ ያስተማረን መንሳፈፍና መስጠም ብቻ ነው።

ችላ ማለት ግን ያስከፍላል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን ጨምቆ ያግለውና ናፍጣውን እዚያ ላይ ይረጫል፣ ይቀጣጠላል። እንደ እኔዋ ባሉ አሮጌ መኪኖች ይህን የሚገፋው ፖምፓ ውስጡ እርስ በርስ ለጥቂት የማይነካኩ ብረቶች ናቸው፤ የሚያለሰልሳቸውም ሌላ ዘይት ሳይሆን ራሱ ናፍጣው ነው። ውኃ ሲገባ ልስላሴው ይቀራል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ሲያድር ይዝጋል። አልፎ ኢንጀክተሩ ጋ የደረሰ ውኃ ደግሞ በሙቀቱ ድንገት ተንኖ አፉን ሊሰብረው ይችላል። የፖምፓ ማሠሪያ ዋጋ የተነገረው ሰው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ወንበር ይፈልጋል።

በመጨረሻ የደረሰልኝ ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን በአሰብ መንገድ፣ በፊያት ኤን ትሬ መሪ ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ሹፌር ነው። ጋራዥ የተባልኩትን ሁሉ ነገርኩት። እየሳቀ ሰማኝና «ሶኬቷን መንቀሉስ ጥሩ ነው፤ ለምርመራ እንጂ ለሕክምና አይሁን» አለኝ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ሶኬት ነቅለህ መብራቷ ካልጠፋች፣ አንድ ቦታ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ነክቷል፤ መብራቷ ስለ ናፍጣው የምትነግርህ የለም። ከጠፋች ግን ወሬው የመጣው ከጽዋዋ ነው። ነቀልን፤ ጠፋች፤ መልሰን ሰካናት።

«በል ነገ ጠዋት፣ ሞተር ሳታስነሣ ጥራኝ» አለኝ።

«አሁን ለምን አይሆንም ጋሼ?»

«ውኃ ሌሊት ነው የሚተኛው ልጄ። ስትነዳ ይናጥና ከናፍጣው ጋር ይዞራል። እኛ መብራት የሚባል መቼ ነበረን? ጠዋት ጠዋት ሳናፈስ ቁልፍ አንነካም ነበር።»

በማግስቱ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ከፊልትሮው ሥር ደገንን። የታችኛዋን ማፍሰሻ በእጁ ሁለት ዙር ያህል አላላት። ጠብ የሚል የለም። ዘበኛው «አልኳችሁ እኮ» ለማለት አፉን ሲያሟሽ፣ ሽማግሌው ከፊልትሮው አናት ያለችውን የእጅ ፖምፓ በመዳፉ ተጫናት። አንዴ አየር አስነጠሳት፤ ከዚያ ፈሰሰ። ፕላስቲኩን ብርሃን ላይ ይዘን ጠበቅን። ከሥር ውኃው ተኛ፤ የዝገት ብናኝ ይንከባለልበታል። ከላይ ቢጫ ናፍጣ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። በሁለቱ ድንበር ላይ ደግሞ ጥቁር ልፋጭ ተዘርግቷል።

«እሱ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሕይወት ያለው ነው። ውኃው ውስጥ ይኖራል፣ ናፍጣውን ይበላል።»

እውነቱን ነው፤ ባክቴሪያና ሻጋታ እዚያ ድንበር ላይ ይራባሉ፣ ልፋጫቸውም ፊልትሮ ይደፍናል። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚህ የኑሮ ውድነት ናፍጣ ቁርስ የሚበላ ፍጡር እኔ ጋ በነጻ ተከራይቶ ኖሯል።

ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ፖምፓዋን ተጫናት፣ ማፍሰሻዋን በእጁ ዘጋት፤ ፒንሳ ባቀብለው በዓይኑ ገሠጸኝ፣ ፕላስቲክ ናትና ትሰበራለች። ከዚያ እጁ ላይ እስክትጠነክር ድረስ እንደገና ፖምፓ አደረገ። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቷ ጠፋች። ዘበኛው ሃይላንዱን «ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆነኛል» ብሎ ወሰደው፤ ግማሹ ውኃ መሆኑን ብነግረውም የሰማኝ አልመሰለኝም።

«ይሄ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?» የሚለው ቀረ። እኔ ማደያውን ለመራገም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማደያ መራገም ደግሞ ደስ ይላል፣ አጃቢም አያጣም። ሽማግሌው ግን «ስትቀዳ ስንት ታስቀዳለህ?» ሲል ጠየቀኝ። እንደ አብዛኛው የከተማችን ሹፌር በአምስት መቶ ብር፣ ሲሞላልኝ በሺህ ብር አልኩት። «እንግዲያው አብዛኛውን ጊዜ ይዘህ የምትዞረው አየር ነው» አለኝ። አየር ደግሞ እርጥበት አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ በተሠራች ከተማ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ በባዶው የታንክ ግድግዳ ላይ ጤዛ የሚሆነው እርጥበት እየተንጠባጠበ ከናፍጣው ሥር ይገባል። ለካ ድህነት ውኃም ያመርታል። በዚህ ላይ የታንኩ ክዳን ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የክረምቱ ዝናብ በዚያ ይገባል። ሰልፉ ሲበዛ ደግሞ ከመንገድ ዳር በጀሪካን እንገዛለን። ያ ጀሪካን ትላንት ቦኖ ውኃ ላይ ተሰልፎ እንደነበር ማን ይመሰክራል?

የናፍጣና የውኃ ጠብ የቆየ ነው። የሞተሩ ፈጣሪ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 1913 ምሽት ድሬስደን በምትባል መርከብ ከቤልጂየም ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ራት በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጠዋት አልነበረም። ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ባሕር ላይ ተንሳፎ ተገኘ፤ እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይህን ለሽማግሌው ባወራው፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጥቂት አሰበና «ያኔም መብራት አልነበረማ» አለኝ።

ጎሚኒው ተቀየረ፣ ፊልትሮውም ተቀየረ፤ ሁለቱ ተደምረው የፖምፓን ዋጋ ጫፍ አይነኩም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የመብራቷ ጉዳይ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ መኪናዋን ልሸጣት ብዬ ደላላ ሳናግር የመጀመሪያ ምክሩ «ጋሼ፣ ገዢ እንዳይደነግጥ ይቺን አምፖል እንንቀላት» የሚል ሆነ። ደህና እንደሆነችና እንደማትበራ ነገርኩት። «ከበራችስ?» አለኝ።

ስለዚህ አሮጌ ናፍጣ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ፣ ቀለሙንና ጎማውን ከማየታችሁ በፊት ቁልፉን እስከ «ON» ድረስ አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሡ ዳሽቦርዱን እዩ። መብራቶቹ ሁሉ በርተው ሞተሩ ሲነሣ ከጠፉ ጥሩ ነው፤ አምፖላቸው ጤነኛ ነው ማለት ነው። አንዷ ከጅምሩ ካልበራች ግን ሻጩን ለምን እንደሆነ ጠይቁት። «ይቺ መኪና አንድም ቀን ችግር አለብኝ ብላ አታውቅም» ይላችኋል። ማልልኝ ብትሉትም ይምላል፤ ደግሞ በእውነት ነው የሚምለው።