ድሮንም ወሰዱብን

ወገኖቼ፣ ጉልበታችን ሄደ፣ ጥርሳችን ሄደ፣ ጉንጭ ለጉንጭ የነበረው ሰላምታችን ስልክ ላይ ወዳለ የአውራ ጣት ሥዕል ወረደ። ይህን ሁሉ ችለን ተቀምጠናል። አንድ የቀረን ርስት «ድሮ» ነበር። እሱንም ዘንድሮ ወሰዱብን።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የልጄ ልጅ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ጠርሙስና ብርጭቆ ታቅፋ መጣችና «አባባ፣ ሬትሮ መጠጥ ልሠራልህ ነው» አለችኝ። ሬትሮ ምንድን ነው ብላት «የድሮ ማለት ነው» ብላ አስረዳችኝ። ድሮን ለእኔ! ድሮ ሲሆን እኮ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

መጠጡ ብራንዲ አሌክሳንደር ይባላል። ኮኛክ፣ ክሬም ደ ካካዎ የሚሉት የካካዎ ሊኬር፣ ስልባቦት፤ ሦስቱም እኩል፣ 30 ሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ሊትር። ከላዩ የተፈቀፈቀ ገውዝ። ታዲያ ክሬም የተባለው ሊኬር አንዲት ጠብታ ክሬም የለበትም፤ ፈረንሳዮቹ ስኳሩ ስለበዛ ነው እንዲያ ያሉት። እውነተኛው ስልባቦት ደግሞ ካርቶን ውስጥ ተደብቋል። ዘመኑን እዩልኝ።

«ዕድሜው ስንት ነው ይሄ ድሮሽ?» አልኳት። ከስልኳ አነበበችልኝ። ሁጎ ኤንስሊን የሚባል የኒው ዮርክ ሆቴል ባርማን በፈረንጆች 1916 ባሳተመው የመጠጥ መጽሐፍ ውስጥ አሌክሳንደር አለ፤ ግን በጂን ነው። ጂኑን አባርረው ብራንዲ ያስገቡበት ኋላ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ደግሞ ስልባቦቱን ትተው በአይስክሬም ይመቱታል አሉ። አያችሁ የፈረንጅን ድሮ? እንደኛው አርፎ አይቀመጥም።

ቀኑ ታኅሣሥ 15 ነበር። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነን፣ ስልባቦት ከየት ወዴት! ኮኛኩና ሊኬሩ ግን ከላም ስላልመጡ ሁለቱን ለየብቻ መረመርኳቸው፤ ጠርሙሱ መጉደሉን ያየችው ባለቤቴ ምርመራው ረዘመ አለች። ስልባቦቱ ማቀዝቀዣ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 29 ጠበቀን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልኮመጠጠ ወተት፣ ወተት ነው? የእናቴ ወተት ጠዋት ታልቦ ማታ እርጎ ነበር። ሰነፍ አልነበረም።

የገና ዕለት ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ልጅቱ የብረት ዕቃዋን በረዶ ሞልታ ትንጥ ጀመር። 15 ሴኮንድ! እናቴ ቅሉን በወይራ አጥና ከንጋት እስከ ቀትር ስትንጥ የምታወጣው ቅቤ ሽታው ወንዝ ይሻገር ነበር፤ ላሞቹም ያኔ ጨዋ ነበሩ፣ ሳይጠሩ ለመታለብ ይመጡ ነበር። ይቺ ንጣ ንጣ ብረቱ ነጭ አመዳይ ለበሰ፣ ጣቷ ላዩ ላይ ሊጣበቅ ደረሰ፣ ያወጣችው ግን አረፋ ነው። ገውዝ ነሰነሰችበትና እኔ እጄን ዘርግቼ እያየኋት ፎቶ ታነሳው ጀመር። ከላይ፣ ከጎን፣ ደግሞ ከመስኮቱ ፊት። አረፋው ወረደ። እጄም ወረደ።

በእኛ ጊዜ መጠጥ አይቀላቀልም ነበር፣ ወገኖቼ። ጠጅ ጠጅ ነበር፣ ጠላ ጠላ። ፒያሳ ተቀምጠን ጉደር ወይን በአምቦ ውሃ ስናዝ፣ ማኪያቶው ላይ ኮኛክ ጠብ ስናስደርግ፣ ማንም ሰው ኮክቴል ብሎን አያውቅም።

መለኪያውስ? ለእኛ መለኪያ ማለት አረቄ የሚጠጣበት ነው። እሷ ግን በእውነት ትለካበታለች! አጎንብሳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ወርቅ አንጣሪ። «በዓይን ግምት ቅጂ እንጂ፣ ቤት ነው እኮ፣ ፋርማሲ አደረግሽው?» አልኳት። አልሰማችኝም።

ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ እሷ ዞር ስትል የበኩሌን ላዋጣ ብዬ ሎሚ ጨመቅሁበት። ሎሚ የማያሻሽለው ነገር የለም ተብለን ነው ያደግነው። ዓይኔ እያየ አይብ ወጣው። ከላይ ነጭ ፍርፍር፣ ከታች ቡናማ አጓት። «አባባ! ኮኛኩማ አልነካውም፣ በሎሚው ነው የተቋጠረው!» ብላ ጮኸች። እሷ ሎሚውን ትወቅስ፤ እኔ ግን የዛሬ ወተት ትዕግሥት እንደሌለው ገባኝ። ድሮ ቢሆን ይችለኝ ነበር። ለማንኛውም ጠጣሁት፤ ምግብ አይደፋም።

ለጥምቀት ልጅቱ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች፣ ዕቃዋን ግን እኛ ጋ ትታዋለች። ድፍን ገውዝ ራሴ ሄጄ ገዛሁ፤ የተፈጨው ሽታው ከፋብሪካ ሳይወጣ ነው የሚሞተው። ባለቤቴ ልትንጥልኝ ተነሳችና ኮኛኩን በዓይኗ፣ ስልባቦቱን በዓይኗ ታንቆረቁረው ጀመር። «ኧረ እኩል እኩል ነው የተባለው!» ብዬ መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴ ለካሁት።

ቀመስኩት። ራሴን ነቀነቅሁ።

«የድሮው ይሻል ነበር» አልኳት። የገናውን ማለቴ ነው።