ባዶ ሰሃን

ጁባ በገባሁ ሰሞን የተራብኩት ምግብ ጠፍቶ አይደለም፤ ጨዋ ልጅ ስለሆንኩ ነው።

በእኛ አገር የተጋበዘ ሰው መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ «በሞቴ!» ይባላል። «እውነቴን ነው፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል፤ «አፈር ስሆን!» ይባላል። ሦስተኛው ላይ «እሺ፣ ልቅመስላችሁ» ብሎ ይቀርብና ትሪውን አጽድቶ ይነሳል። ይህን ሥርዓት ይዤ ነው ነጭ አባይ ዳር የወረድኩት። የጉዴሌ ሰፈሯ ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ማማ» የሚላት፣ ኪስራ የሚባለውን ስስ እንጀራቸውን በባሚያ ይዛ በአጥሩ ብቅ ስትል፣ በተሰባበረ ዐረብኛዬ «ጠግቤያለሁ» አልኳት። «ታማም»፣ ማለትም «እሺ፣ መልካም» ብላ ከነሰሃኗ ተመለሰች። የባሚያው ሽታ ብቻ እኔ ጋ ቀረ። «በሞቴ»ን እስከ ማታ ጠበቅኩት፤ አልመጣም።

በሌላ ቀን ስታመጣ ጨዋነቱን ትቼ ተቀበልኩ። ችግሩ ሰሃኑን መመለሱ ላይ ነበር። እናቴ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ኪስራ ሲመጣ ሽሮ በእንጀራ ይሄዳል፤ ዓሣ ሲመጣ ቡናና ፈንዲሻ ይሄዳል። ማንጎ ሲደርስማ ነገሩ ከረረ። የማማ ዛፍ ግማሽ ጎኑ የተጋደመው እኔ ቤት ላይ ነው። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ «ጧ!» ሲል የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎኝ ስንቴ ዘልያለሁ! ያው ፍሬ ጠዋት በሳፋ ተሞልቶ በስጦታ ሲመጣልኝ ግን አንድ ኪሎ ስኳር መለስኩ።

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ልማድ ሆኖብኝ የዱቤ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ከማማ፦ ማንጎ 12። የተመለሰ፦ ስኳር 1 ኪሎ» ብዬ እጽፍ ነበር። ሂሳቡ ሲዘጋ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሰው ሲያየኝ ቸር ነኝ። የሰፈሩ ልጅ ከረሜላዬን፣ ዘበኛው ሻዬን ያውቀዋል። መስጠት ደስ ይለኛል፤ ሰጪ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነዋ የሚሰጠው! ተቀባይ ነው ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ የሚለው፤ እኔ ደግሞ ለመጎንበስ ወገቤን ያመኛል።

ከዚያ ወባ ጣለኝ። ሱቁ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ማማ የማሽላ አጥሚት በጎድጓዳ ሰሃን ይዛ ገባች። አመል ነውና በዚያው ዐረብኛዬ «ጠግቤያለሁ» አልኩ። አልሄደችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በጠራ አማርኛ፣

«ዝም ብለህ ጠጣ። ይሄም ዓይን የለውም!» አለችኝ።

ትኩሳቱ መሰለኝ። ቀጥሎ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆሜ ለእናቴ በስልክ፣ «ኪስራ የሚሉት አላቸው፤ ወረቀት በይው፤ እንደ እንጀራ ዓይን እንኳ የለውም» ብያት ነበር። እንግዲህ ስንት ወር ሙሉ ሳማት ስትሰማ ኖራለች! ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሬ ሳብኩት።

ማማ ያደገችው ኢታንግ ነው፤ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ። የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የኖሩበት ካምፕ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ካምፑ በጥድፊያ ተበተነ።

«ቡና የምትሸጥ ያገርህ ሰው ነበረች» አለች። «ከትምህርት ቤት ስመለስ ታበላኛለች። የዚያን ቀን ሰሃኗ እኛ ቤት ነበር። ውጡ ሲባል ድንበር ተሻግረን ወደ ናስር ሄድን። ባዶውን እንኳ አልመለስኩላትም።»

«ታዲያ የእሷን ዕዳ ነው ለእኔ የሚከፍሉት?» አልኩ። የነጋዴ አፍ በወባም አይታረም። አማርኛው ሲመጣ አንቱታውም ተከትሎት መጣ፤ ከዚህ ወዲያ «አለች» ብል እናቴ አትምረኝም።

ማማ ሳቁ። «ዕዳ ቢሆን አንተ ጋ ምን አመጣው? በል አትቁጠርብኝ፤ በሞቴ ጠጣ!»

ያ ሲጠበቅ የነበረው «በሞቴ» ደረሰ። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ከትራሴ ቀና፣ ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ወገቤ ምንም አላለ።

በሳምንቱ ስነሳ ሰሃናቸውን አጠብኩ። እጄ ሳይታዘዝ ወደ ስኳሩ ከረጢት ሄደ፤ መለስኩት። ወደ ቡናው ሄደ፤ መለስኩት። ከበሬ እስከ ማማ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ባዶ ሰሃን ግን እንዲህ ይከብዳል ያለኝ ሰው አልነበረም። በሩ ላይ ደርሼ ዘረጋሁት። ማማ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

«ታማም» አሉ።