ድንኳኑን ማን ይያዝ?

የውቅያኖስ ዳርቻን ይዞ የሚደረግ የሁለት ሰው የብስክሌት ጉዞ ሁለት ብስክሌት፣ አንድ ድንኳንና አንድ እቅድ ይፈልጋል። እቅዱን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ሌላው፣ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ «አንተ እንዳልክ» ብሎ ያልፋል፤ አስተያየቱን የሚሰጠው ሦስተኛው ዳገት ላይ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ስማቸው ከገነነ መንገዶች አንዱ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከሞንተሬይ ተነሥቶ፣ ካርሜልንና ቢግ ሰርን አልፎ፣ ሳን ሲሚዮን የሚደርሰው የአውራ ጎዳና ቁጥር 1 ክፍል ነው። ርዝመቱ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በብስክሌት ግን ሦስት ቀን ቢመደብለት አይበዛበትም።

አቅጣጫው ብዙ አያከራክርም፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚሰፍረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነፋሱን ከሰሜን ምዕራብ ስለሚያመጣው፣ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ከኋላው ይገፋለታል። በዚያ ላይ አሜሪካኖች በቀኝ ስለሚነዱ ወደ ደቡብ የሚሄደው ብስክሌተኛ በባሕሩ በኩል ነው የሚሄደው፤ በእሱና በውሃው መካከል የሚገባ መኪና የለም። ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወጡም አይጠፉም። እነዚህ ሲያልፉ ሰላምታ የሚመልሱት በአገጫቸው ነው።

መንገዱ ባሕር ዳር ስለሆነ ሜዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። ባሕሩ ሜዳ ነው፤ መንገዱ ግን ባሕሩ ላይ አይሄድም። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች እዚህ ጋ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው የቆሙ ናቸው። ኮን ፒክ የሚባለው ጫፍ 1,571 ሜትር ከፍታ ኖሮት ከውሃው የሚርቀው 5 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ነው። ከተራራው የሚወርደው እያንዳንዱ ጅረት የራሱን ሸለቆ ቆፍሯል፤ መንገዱ እያንዳንዱ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። የተሠራውም በዋዛ አይደለም፤ 18 ዓመት ፈጅቶ፣ ከሳን ኩዌንቲን ወኅኒ ቤት የመጡ እስረኞች ጭምር ድንጋይ ፈልጠውበት፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ከዚያ ወዲህ ተራራው መንገዱን መልሶ ለመውሰድ ያልሞከረበት ጊዜ የለም። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ማድ ክሪክ በሚባለው ቦታ የተናደው አፈር መንገዱን ቀብሮት እስከሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ድረስ ተዘግቶ ቆይቷል፤ በጥር 2021 ደግሞ ራት ክሪክ ላይ አንድ ቁራጭ መንገድ ከነአስፋልቱ ወደ ውቅያኖስ ሄዷል። ስለዚህ ማንኛውም እቅድ የሚጀምረው መንገዱ በቦታው መኖሩን ከማረጋገጥ ነው።

የእቅዱ ዋና ጉዳይ ግን ጓዝ ነው። የብስክሌት ጉዞ መመሪያዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ «የጋራ ዕቃውን ለሁለት እኩል ይከፋፈሉ» ይሉና፣ ቀጥለው ስለ ጎማ ንፋስ ያወራሉ። ስለ ጎማ ንፋስ ሁለት ገጽ፣ ስለ ጓዝ ክፍፍል አንድ መስመር! ይህን መስመር የጻፈው ሰው ብቻውን የሚጓዝ መሆን አለበት።

ስሌቱ ቀላል ነው። በነፍስ ወከፍ በቀን 1 ኪሎ ምግብ ቢታሰብ፣ ለሁለት ሰው የሦስት ቀን ስንቅ 6 ኪሎ ይመጣል። ድንኳኑ 3 ኪሎ፣ ምድጃውና ድስቱ 2 ኪሎ፣ መፍቻው፣ መንፊያው፣ መለጠፊያውና ትርፍ የውስጥ ጎማው 1 ኪሎ፤ ይህም 6 ኪሎ ነው። ስድስት ለስድስት። ሞንተሬይ ላይ ሚዛን ቢቀርብ ቅር የሚለው ወገን የለም። ችግሩ ምግብ የሚበላ፣ ድንኳን የማይበላ መሆኑ ነው። ምግብ የያዘው በሁለተኛው ቀን ጠዋት 4 ኪሎ፣ በሦስተኛው 2 ኪሎ ይዞ ይነሣል። ድንኳን የያዘው እዚያው ስድስቱ ላይ ነው። እንዲያውም ይጨምርበታል፤ ሌሊት ከውቅያኖሱ የሚነሣው ጉም ድንኳኑን አርጥቦት ያድራል፣ ፀሐይ ወጥታ እስክታደርቀው መጠበቅ ደግሞ እቅዱ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ከነውሃው ተጠቅልሎ ይታሰራል።

ከዚህ የተነሣ ምግብ በያዘው ወገን ላይ ያልተለመደ ደግነት ይታያል። በየዳገቱ ሥር ይቆማል፤ ቦርሳውን ይፈታል፤ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» ይላል። ድንኳን የያዘው ነገሩ ቶሎ ይገባውና «ጠግቤያለሁ» ብሎ ወደ ባሕሩ ይመለከታል። ለዓይን የተዋበ ክርክር ነው፤ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ሲጎራረሱ ነው።

ሳን ሆዜና ኦክላንድ አካባቢ ኢትዮጵያዊው ጥቂት አይደለም፤ ከዚያ ለዚህ ጉዞ የሚነሡ ባልና ሚስት ክብደቱን በስንቅ ምርጫ ለማቅለል ጥሩ ዕድል አላቸው። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ የዘመቻ ስንቅ ሆነው የኖሩት ውሃቸው ተመጦ ስለ ወጣ ነው፤ አይበላሹም፣ አይከብዱም። በሶማ እሳት እንኳ አይጠይቅም፤ በጥብጦ መጠጣት ነው። የደረቀ ስንቅ ግን ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ውሃ ይላል፤ ውሃ ደግሞ አንዱ ሊትር 1 ኪሎ ነው። በማድረቅ የተጣለው ክብደት በጠርሙስ ተመልሶ ይመጣል፤ ጠርሙሱን ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄም አብሮት ይመጣል። በድሮው ዘመቻ ስንቁ በአብዛኛው በቅሎና አጋሰስ ላይ ነበር፤ እኩል ተካፈሉ ያላቸውም አልነበረም።

ማታ ማታ ሸክም መለዋወጥ እንደ መፍትሔ ይነገራል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው። ሲተገበር ግን አራት ቦርሳ በጨለማ ተገልብጦ እንደ ገና ይታሸጋል፤ ከዚያ በኋላ የእጅ ባትሪው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፣ ለመፈለግ ደግሞ ባትሪ ያስፈልጋል። በዚህ መሀል ሦስተኛው ተካፋይ ይመጣል። ራኩን የሚባለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል ያሰረ የሚመስለው እንስሳ፣ የካምፕ ቦታዎቹ ነባር ነዋሪ ነው፤ ዚፕ መክፈት አይቸግረውም፣ የሚፈልገውም ምግቡን ብቻ ነው። ድንኳን የወሰደ ራኩን እስካሁን አልታየም።

በአቅም ይካፈሉ የሚሉም አሉ፤ ብርቱው አብዝቶ፣ ደካማው አሳንሶ። ይህኛው ቢያንስ ከልምድ የመጣ ነው። ሁለቱ እኩል ሲሸከሙ ዳገቱ ላይ ይለያያሉ። ብርቱው ቀድሞ ይደርሳል፤ ብስክሌቱን ድንጋይ ላይ ያስደግፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ላቡ ይደርቃል። ደካማው ከሩብ ሰዓት በኋላ ምላሱን አውጥቶ ሲደርስ ብርቱው ከተቀመጠበት ይነሣና «በል እንግዲህ እንሂድ» ይላል። በዚህ አያያዝ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው ማረፍ የማያስፈልገው ሰው ነው። ተለያይተው ደግሞ መደዋወል አይችሉም፤ ቢግ ሰር ላይ አብዛኛው መንገድ የስልክ ኔትወርክ የለውም። ድንኳኑን፣ ድስቱንና ግማሹን ምግብ ብርቱው ቢይዘው ፍጥነታቸው ይስተካከላል። የሚቀረው ከሁለቱ ብርቱው ማን እንደሆነ መስማማት ነው፤ ባልና ሚስት መካከል ይህን ጥያቄ ያነሣ እቅድ ብዙውን ጊዜ ከጠረጴዛው አይነሣም።

ለሁለት ሰው የተሠራ ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት መግዛት የሸክሙን ክርክር እንዳለ ያጠፋዋል፤ ሁሉም ነገር አንድ ፖርቶመጋላ ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ይበራል፣ ዳገት ላይ ይጎተታል። መሪውንም፣ ፍሬኑንም፣ ማርሹንም የያዘው የፊተኛው ነው። የኋለኛው ይረግጣል፤ ፊት ለፊቱ የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ነው። ውብ እይታ ፍለጋ ተወጥቶ ሦስት ቀን ሸሚዝ ማየት የሁሉም ሰው ምርጫ አይደለም። በዚያ ላይ የኋለኛው እየረገጠ ይሁን እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳፍሮ ይሁን ለፊተኛው አይታወቅም፤ ጥርጣሬው ከድንኳን ይከብዳል።

ከካርሜል በስተ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ቢክስቢ ድልድይ አለ። በ1932 እ.ኤ.አ. የተሠራ የአርማታ ቅስት ነው፤ ከሸለቆው ወለል ወደ 80 ሜትር ከፍ ይላል፣ ፎቶው በየማስታወቂያው ላይ አለ። ፎቶው ላይ የሌለው ስፋቱ ነው። ሁለቱ መስመር ተደምሮ 7 ሜትር ከ30 ነው፤ አንዱ መስመር 3 ሜትር ከ65። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብስክሌት የሚቀድም መኪና ቢያንስ የ3 ጫማ፣ ማለትም የ91 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይጠብቅ ይላል። አልጋና ኩሽና ያለው ትልቁ የሽርሽር መኪና ወርዱ 2 ሜትር ከ60 ሊደርስ ይችላል፤ ግራና ቀኝ የተዘረጋው መስተዋት አልተቆጠረም። ተቀንሶ ተቀንሶ ለብስክሌተኛው የሚተርፈው 14 ሳንቲ ሜትር ነው። መሪው ብቻውን 60 ሳንቲ ሜትር ነው! ይህን እስከ 12 ሜትር የሚረዝም ቤት ለመንዳት ደግሞ ተራው የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ትናንት ትንሽ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ጠዋት ቁልፍ ተቀብሎ ከሰዓት በኋላ ገደል አፋፍ ላይ ኮንዶሚኒየም ይነዳል፤ ባሕሩን እያየ ይነዳል፤ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። ከኋላው ጥሩምባ የሚያሰማው ሌላ ቤት ነው። ይህ የመልከዓ ምድር ጉዳይ አይደለም፤ ሰው ፈቅዶ የፈረመበት አሠራር ነው፣ አደጋውም የሚታየው ኮርቻ ላይ ለተቀመጠው ብቻ ነው። ድርሻ ይካፈሉ የሚሉት መመሪያዎች ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የላቸውም። ሕጉ ግን ለብስክሌተኛውም አንድ ነገር ሰጥቶታል፤ መስመሩ ከመኪና ጋር ለመጋራት ከጠበበ መሀሉን ይዞ መሄድ ይችላል። ድልድዩ ላይ ማድረግ ያለበትም ይህንኑ ነው፤ ሁለቱ ፊትና ኋላ ሆነው፣ መሀል መሀሉን፣ ሳይቸኩሉ። ከኋላ ያለው ቤት ይጠብቅ።

ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው ዳገት ሃሪኬን ፖይንት ይባላል፤ ከባሕር ወለል ከ150 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ ስሙን አያሳፍርም። ጥርት ያለ ቀን ለሚፈልግ መስከረምና ጥቅምት ይሻላሉ፤ ጉሙ ያኔ ይቀንሳል። ለማደሪያ የመንግሥት ፓርኮቹ በእግርና በብስክሌት ለሚመጣ ሰው ለይተው የሚተዉት ርካሽ ቦታ አላቸው፤ ቀድሞ ማስያዝ አይቻልም፣ ቀድሞ የደረሰ ይተክላል። ፋይፈር ቢግ ሰርና ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ያለው ከርክ ክሪክ ተመራጮች ናቸው። በሁለቱ መካከል የማክዌይ ፏፏቴ አለ፤ ከ24 ሜትር ከፍታ አሸዋ ላይ ይወርዳል። ድሮ የሚወርደው በቀጥታ ባሕሩ ላይ ነበር፤ አሸዋው የመጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ከደረሰ የመሬት መንሸራተት በኋላ ነው። ጎርዳ ላይ ትንሽ ሱቅ ይገኛል፤ ዋጋው ሌላ ሱቅ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው።

ሳን ሲሚዮን ሊደረስ ትንሽ ሲቀር፣ ፒየድራስ ብላንካስ ላይ፣ የባሕር ዝሆኖች አሸዋው ላይ ተዘርረው ይታያሉ። ወንዱ ከ2,000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጉዞ ቢሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ውቅያኖሱን አቋርጦ ወደ ሰሜን ደርሶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ስንቁን የሚይዘው ሰውነቱ ላይ ነው፣ ሲሞቀው በክንፉ አሸዋ እየዛቀ ጀርባው ላይ ይበትናል። ከአጥሩ ወዲህ ብስክሌት ተደግፎ እሱን ሲመለከቱ መቆየት ይቻላል፤ ከዚህ በኋላ ትልቅ ዳገት የለም።

የመመለሻው ነገር በእቅድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ነፋሱ ወደ ሰሜን መመለስን አይመክርም፤ ስለዚህ ሞሮ ቤይን አልፎ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ እስኪደረስ ተጨማሪ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከዚያ ኮስት ስታርላይት የሚባለው የአምትራክ ባቡር በቀን አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ያልፋል፤ መዘግየቱ የታወቀ ነው። ለሰውም ለብስክሌትም ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ሳሊናስ ላይ ይወረዳል፤ እስከ ሞንተሬይ ያለውን 27 ኪሎ ሜትር ግድም የከተማ አውቶቡስ ይሸፍነዋል። ብስክሌቱን ፊቱ ላይ ባለው መስቀያ ይጭናል፤ መስቀያው ላይ ግን አንድ ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ።